እንደራሴው ስንት ዘመን ይቀመጥ? የረጅም ጊዜ ሕግ አውጪነት ከጣና ዳር ሲታይ

በመስከረም 2014 ሥራ የጀመረው ስድስተኛው ዙር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመኑን ወደ መጨረሱ ሲቃረብ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ወረዳዎች የምርጫ ወሬ ተመልሷል። ከወሬው ጋር ሁለት አባባሎች ይሰማሉ። አንደኛው «እሱማ ሁለት ዘመን ከጨረሰ ሕጉ ከዚህ በላይ አይፈቅድለትም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከተመረጡ ወዲህ ዓይናቸውን አላየነውም፤ ወንበር ከያዙ አይለቁም» ይላል። የመጀመሪያው በሕግ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ሁለት የተለያዩ ቅሬታዎችን አንድ ላይ ሰፍቷል፤ አለመታየት ሌላ፣ አለመልቀቅ ሌላ ነው። የአገሪቱን የፓርላማ ታሪክ ላገላበጠ ሰው እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታየዋል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲያረጅ የሚፈቅድ ምክር ቤት ኢትዮጵያ ገና አላገኘችም። ለዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? ለጣና ዳር ነዋሪስ ምን ያጎድልበታል?

ገደቡ የተጣለው በማን ላይ ነው?

ሕገ መንግሥቱ የሥልጣን ዘመን በቁጥር የገደበው ለፕሬዚዳንቱ ነው። በአንቀጽ 70 መሠረት የፕሬዚዳንቱ የሥራ ዘመን ስድስት ዓመት ሲሆን አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ለቦታው አይመረጥም። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል እንዲህ ያለ ቃል የለም። አንቀጽ 54 አባላቱ በየአምስት ዓመቱ እንደሚመረጡ ይናገራል፤ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ተመልሶ መወዳደር እንደሚችል ግን አይቆጥርም። በ21 ዓመቱ የተመረጠ ወጣት፣ መራጩ እስከፈቀደለት ድረስ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት ሊቀመጥ ይችላል። የጠቅላይ ሚኒስትሩም ዘመን ከምክር ቤቱ ዘመን ጋር የታሰረ እንጂ በዙር የተገደበ አይደለም። «ሁለት ዘመን» የሚለው ወሬ ከፕሬዚዳንቱ አንቀጽ ተነቅሎ አባላቱ ላይ የተለጠፈ ነው።

ሌላው የመደናገር ምንጭ «ክልል» የሚለው ቃል ነው። «የምርጫ ክልል» ሲባል አንድ ተመራጭ የሚወክለው የተከለለ አካባቢ ማለት እንጂ እንደ አማራ ክልል ያለ የፌዴሬሽኑ አባል መንግሥት ማለት አይደለም። በጠቅላላ ምርጫ ቀን መራጩ ሁለት ድምፅ ይሰጣል። አንዱ አዲስ አበባ ለሚሰበሰበው የፌዴራል ምክር ቤት፣ ሌላው እዚያው ባሕር ዳር ለሚቀመጠው የክልል ምክር ቤት ነው። ከተማው ውስጥ ዘወትር የሚታየው ተመራጭ ብዙ ጊዜ የኋለኛው ነው፤ «ጠፋ» የሚባለው የመጀመሪያው። የሁለቱ ሥራም፣ ተጠያቂነትም የተለያየ ነው።

የመጥፋቱ ነገር ከፊሉ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። በአንቀጽ 58 መሠረት የፌዴራሉ ምክር ቤት ዓመታዊ ጉባኤ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ረጅሙ ዕረፍት የሚውለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ በዚያ ወቅት የፎገራ ገበሬ ሩዝ ማሳው ውስጥ ነው፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ይተኙበታል፣ የደምቢያ መንገድም ጭቃ ነው። «የመራጭ ተመራጭ ውይይት» የሚባለው ስብሰባ በዚህ ሰሞን ቢጠራ የሚመጣው ቀበሌ የጠራው ሰው እንጂ እርሻ ላይ ያለው አይደለም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ይህንን ቀጭን ግንኙነት ይበልጥ አጥብቦታል።

የማን ራስ?

በአማርኛ ለፓርላማ አባል «እንደራሴ» እንላለን። ሲፈታ «እንደ ራሴ» ነው። ቃሉ ግን መጀመሪያ የሕዝብ አልነበረም። እንደራሴ የሚባለው በንጉሥ ፋንታ የሚገዛ፣ ንጉሥ በሌለበት የንጉሥን ሥልጣን የሚሠራበት ሰው ነበር፤ ተፈሪ መኮንን የንግሥት ዘውዲቱ እንደራሴ ነበሩ። «እንደ ራሴ ቁጠሩት» የሚለው ከላይ ያለው ነበር ማለት ነው። «የሕዝብ» የሚለው ቅጽል ሲጨመርበት አቅጣጫው መገልበጥ ነበረበት። መገልበጡን ግን አነጋገራችን ገና አልጨረሰም። የተመረጠን ሰው «ሹመት ያዳብር» ብሎ መመረቅ አሁንም የተለመደ ነው፤ ምርቃቱ ከላይ ለተሾመ ሰው የሚሰጥ ምርቃት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ፓርቲ የለም። ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ የመራጩን አመኔታ ያጣ አባል በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ ይደነግጋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ወንበሩን የሚሰጠውም የሚነሣውም መራጩ ነው። በተግባር ማን እንደሆነ ለማየት ግን በመጀመሪያ ረጅም አገልግሎት በሌላ አገር ምን እንደሚመስል አንድ ሰው ይዞ መመልከት ይጠቅማል።

ለ59 ዓመት አንድ ወንበር

በአሜሪካ ኮንግረስ ታሪክ (ኮንግረስ የሁለቱ የሕግ አውጪ ምክር ቤቶች የጋራ ስም ነው) ከማንም በላይ የቆየው ጆን ዲንግል የተባለው የሚሺጋን ተወካይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1926 ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ በምክር ቤቱ ውስጥ በተላላኪነት ሠርቷል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለውትድርና ተመልምሏል፤ ከዚያም ኬሚስትሪና ሕግ ተማረ። አባቱ ከ1933 ጀምሮ የዲትሮይት አካባቢ ተወካይ ነበር። አባትየው በ1955 ሲሞት ልጁ በማሟያ ምርጫ ወንበሩን ያዘ፤ እስከ ጥር 2015 ድረስም አልለቀቀውም። የዚያ ምክር ቤት ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ በመሆኑ ለ59 ዓመት ለመቀመጥ 30 ጊዜ መመረጥ ነበረበት።

የዕድሜው ርዝመት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ትምህርት የሚሆነው በዚያ ዘመን ውስጥ ያጠራቀመው ነገር ነው። አባቱ በ1943 ብሔራዊ የጤና መድን ሕግ አርቅቆ ነበር፤ አላለፈም። ልጁ በእያንዳንዱ አዲስ ኮንግረስ ያንኑ ሐሳብ መልሶ ያቀርብ ነበር። በ1965 ለአረጋውያን የሕክምና መድን የሚሰጠው ሜዲኬር ሲጸድቅ ጉባኤውን ይመራ የነበረው እሱ ነው፤ በ2010 የጤና መድን ሕጉ ሲሰፋም በሕይወትና በወንበሩ ነበረ። አንድ ሐሳብ በአባትና በልጅ እጅ ለ67 ዓመት ከመዝገብ አልጠፋም።

ለጣና ዳር ሰው የሚቀርበው ግን የውሃው ሥራው ነው። ዲንግል የመጣው ታላላቅ ሐይቆች ከሚባሉት ዳር ነው፤ ፋብሪካ ቆሻሻውን ለዘመናት የለቀቀባቸው ውሃዎች ናቸው። በ1969 ማንኛውም ትልቅ የፌዴራል ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲጠና ባስገደደው ሕግ፣ በ1973ም ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን በሚጠብቀው ሕግ ውስጥ ዋና እጅ ነበረው። ከ1981 እስከ 1995፣ እንደገናም ከ2007 እስከ 2009 የኢነርጂና ንግድ ኮሚቴን ሲመራ ለመሥሪያ ቤቶች በሚጽፋቸው የጥያቄ ደብዳቤዎች ይፈራ ነበር። አንድ ባለሥልጣን ምክር ቤት ቀርቦ «ይህ ከእኔ በፊት የነበረ ጉዳይ ነው» ቢለው፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ሰው ራሱ ጠይቆ ያውቃል። የረጅም አገልግሎት ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሚኒስትሮች ሲቀያየሩ የማይቀየር ጠያቂ መኖሩ።

ያው ሰው ሌላ ገጽም ነበረው። ዲትሮይት የመኪና ከተማ ናት፤ ዲንግልም የመኪና ፋብሪካዎችን ከነዳጅ ፍጆታና ከጭስ ደንቦች ለዓመታት ሲከላከል ኖሯል። ለውሃው የቆመው ሰው ለአየሩ እንቅፋት ነበር የሚሉት ተቺዎቹ አልተሳሳቱም። በዚህም የተነሣ በ2008 የራሱ ፓርቲ አባላት በ137 ለ122 ድምፅ የኮሚቴውን ሰብሳቢነት ነጥቀው ለሌላ ሰጡበት። በ2015 ሲለቅ ወንበሩን የወረሰችው ሚስቱ ናት። ከ1933 ጀምሮ መቀመጫው ከአንድ ቤተሰብ አልወጣም ማለት ነው፤ ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ከጥንቱ ርስት በምን ተለየ?» ቢል መልሱ ቀላል አይደለም።

ልዩነት አለ ከተባለ ያለው በእጩነቱ ላይ ነው። በአሜሪካ የአንድ ፓርቲ እጩ ማን ይሁን የሚለውን የሚወስነው የፓርቲ ጽሕፈት ቤት አይደለም። ከዋናው ምርጫ በፊት «ፕራይመሪ» የሚባል የውስጥ ምርጫ ይካሄዳል፤ የፓርቲው ደጋፊ የሆነ ተራ መራጭ ወጥቶ እጩውን ይመርጣል። ዲንግል በ2002 የምርጫ ክልሎች ሲሸነሸኑ ከራሱ ፓርቲ ሌላ ተቀማጭ የምክር ቤት አባል ጋር በዚሁ ፕራይመሪ ተወዳድሮ ማሸነፍ ነበረበት። የፓርቲው አለቆች ቢጠሉት እንኳ የዲትሮይት ዳርቻ መራጭ እስከወደደው ድረስ ሊያወርዱት አይችሉም ነበር።

ደጋግሞ የተቆረጠ ክር

ወደ አገር ቤት ስንመለስ በመጀመሪያ የሚታየው ግለሰቦቹ ሳይሆኑ የተቋሙ ዕድሜ ነው። በ1923 ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የመወሰኛውን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙታል፤ የመምሪያውን አባላት መኳንንቱና የአገር ሹማምንት ይመርጧቸዋል። ሕዝብ ራሱ ድምፅ የሰጠው ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ፣ በ1949 ነው። ከዚያ በየአራት ዓመቱ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ምርጫ ተካሄደ። ፓርቲ አልነበረም። እጩው በሚወዳደርበት አካባቢ የሚኖርና ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ ምክር ቤቱ የባለ መሬቶች ጉባኤ ሆነ። ቢሆንም ስንዱ ገብሩን የመሰሉ ሰዎች ገብተውበታል፤ በ1949 ምርጫ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሲሆኑ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆንም በቅተዋል።

ጎጃም ያንን ፓርላማ የሚያስታውሰው በአንድ ሕግ ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በሁለቱ ምክር ቤቶች በኩል አልፎ ወጣ። አዋጁ በወረቀት ሲታይ ባለ ብዙ ምርቱን ይበልጥ የሚያስከፍል፣ ለዘመኑ የተሻለ የሚባል ግብር ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን የመሬት ልኬትና የርስት መንጠቂያ መጀመሪያ አድርጎ አየው፤ በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም ወረዳዎች አመፀ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም ተነሣ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ የጠቅላይ ግዛቱን አስተዳዳሪ አንሥተው ውዝፍ ግብር ማሩ። ሕጉን ያጸደቀው ምክር ቤት የጎጃም ተመራጮችም የተቀመጡበት ነበር። ሕግ አውጪውና ገበሬው በአንድ አዋጅ ላይ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አነበቡ፤ መሐል ቆሞ የሚያስረዳ፣ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው አልነበረም። በሚገባ የቆየ እንደራሴ ቢኖር ይህ ሁሉ ይቀር ነበር ማለት ማጋነን ነው። ግን የውክልናው ቀጭንነት ከዚያ በላይ በግልጽ የታየበት አጋጣሚ ያለ አይመስለኝም።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ፓርላማውንም ዘጋው። በ1949 የተመረጠ ሰው በየምርጫው ሁሉ ቢያሸንፍ እንኳ የሚቀመጠው ከ17 ዓመት አይበልጥም ነበር። ከዚያ ለ12 ዓመት ያህል ፓርላማ የሚባል አልነበረም። በሰኔ 1979 በአንድ ፓርቲ ሥር 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ፤ አራት ዓመት ሳይሞላው በግንቦት 1983 ከሥርዓቱ ጋር ፈረሰ። የሽግግሩ ዘመን 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት አራት ዓመት ሠራ። አሁን ያለው ምክር ቤት የተጀመረው በ1987 ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ ሰውም፣ ልምድም፣ የምክር ቤት ወግም አብሮ ወጥቷል። የ1953ን ተመራጭ ምን እንዳጋጠመው ለ1987 ተመራጭ የሚነግር ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

እጩውን ማን ያቀርበዋል?

ከ1987 ወዲህ ክሩ አልተበጠሰም፤ በየአምስት ዓመቱ ምርጫ ተደርጓል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኮሮና ምክንያት፣ በ2012 መሆን የነበረበት ወደ 2013 ተሸጋግሮ አምስተኛው ምክር ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ታዲያ ከ30 ዓመት በኋላ «የጣና አንበሳ» ተብሎ በስም የሚጠራ አንጋፋ እንደራሴ ለምን አልወጣም?

ምክንያቱ በአብዛኛው ከምርጫው ቀን በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው። ሕጉ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓትን ይከተላል፤ በምርጫ ክልሉ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ፣ ከግማሽ በታች ቢሆንም፣ ያሸንፋል። አንድ ፓርቲ በሁሉም ቦታ ጠንካራ ሲሆን ወሳኙ ነገር የፓርቲው እጩ መሆን ነው። የእጩነቱን ውሳኔ የሚሰጠው ድርጅቱ ነው። በግምገማ ጥሩ ነጥብ ያላገኘ አባል በሚቀጥለው ዙር ስሙ አይመለስም፤ መራጩ ይወደው ወይ ይጠላው እንደሆነ ለመጠየቅ ዕድል አያገኝም። ጎበዝ የተባለው ደግሞ ወደ ሚኒስቴር፣ ወደ ክልል ቢሮ ወይም ወደ ኤምባሲ ይወሰዳል። ምክር ቤቱ ስለዚህ የሚጠናበት ቤት መሆኑ ቀርቶ የሚታለፍበት ደጃፍ ይሆናል።

የተቃዋሚው መንገድ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይወላገዳል። በ1997 ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫ አሸንፈው ነበር። በ2002 ምርጫ ከ547ቱ 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ፤ ከተቃዋሚ አንድ ሰው፣ በግል አንድ ሰው ብቻ ቀረ። በ2007 ያም ጠፋ። በ2013 ከተገለጹት 436 መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ሲያገኝ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። ባሕር ዳር ከተማም ያኔ የአብንን እጩ ወደ ፌዴራሉ ምክር ቤት ልካለች። እንዲህ በሚዋዥቅ ቁጥር ውስጥ ሁለት ዙር በተከታታይ የሚቀመጥ የተቃዋሚ አባል ማግኘት ራሱ ብርቅ ነው። በሕይወት የሌሉት ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ በሽግግሩ ምክር ቤት ተቀምጠው፣ ከዚያ ተወግደው፣ በኋላም ከሐዲያ ተመርጠው የተመለሱበት ጉዞ በተቃዋሚው ጎራ ረጅም ከሚባሉት አንዱ ነው፤ እሱም የተቆራረጠ ነው።

ያለመከሰስ መብትም እዚህ ውስጥ ይገባል። መብቱ ማለት አባሉ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም ማለት ነው። ዓላማው አባሉን ከሕግ በላይ ማድረግ አይደለም፤ አስፈጻሚውን የሚጠይቅ ሰው በአስፈጻሚው እጅ እንዳይጠፋ ነው። የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረውን ቋሚ ኮሚቴ በሰብሳቢነት የመሩት የአብኑ ተመራጭ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በወጣበት ሰሞን፣ ታስረዋል። ስለ ክሱ ያለው ክርክር የፍርድ ቤት ነው። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚያገናኘው ግን የኦዲት ሪፖርት እያነበበ ልምድ ያካበተ ሰብሳቢ ከወንበሩ ሲነሣ ልምዱ ለማን እንደሚተላለፍ ግልጽ አለመሆኑ ነው።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልጨምር። ምክር ቤቱ አዋጅ ሲያጸድቅ በዜና የምንሰማው የተቃውሞና የድምፀ ተአቅቦ ቁጥር ነው። ማን እጁን እንዳወጣ በስም ተዘርዝሮ ለመራጩ አይደርስም። እንደራሴው በምን ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ የማያውቅ መራጭ «ይመለስ» ወይም «ይብቃው» የሚልበት መሠረት የለውም፤ የሚቀረው መልክና ወሬ ነው።

ሐይቁ የሚጠይቀው ትዕግሥት

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። በዳርቻው ባሕር ዳር፣ ጎጃም፣ ደቡብ ጎንደርና ማዕከላዊ ጎንደር ይገናኛሉ። በ1988 የዓባይ መውጫ ላይ ጨረጨራ የሚባለው የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ2002 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ውሃ መውሰድ ጀመረ። በ2004 እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ ታወቀ። በ2007 ሐይቁ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዘገበ። አንዱ ውሳኔ በፌዴራል፣ ሌላው በክልል፣ ሌላው በዓለም አቀፍ ድርጅት የተሰጠ ነው፤ ውጤታቸው ግን አንድ ሐይቅ ላይ ነው የተጠራቀመው።

ሕጉ ራሱ ጥያቄ ያዘለ ነው። በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት የሚያስተዳድረው ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ድንበር ተሻጋሪ የሆኑ ወንዞችና ሐይቆችን ነው። ጣና ሙሉ በሙሉ በአማራ ክልል ውስጥ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ዓባይ ግን ክልል ተሻግሮ አገር ያቋርጣል። ስለዚህ አረሙን መንቀል የማን ሥራ ነው? ውሃው ስንት ሜትር ላይ ይቁም የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ክልሉ የራሱን ተቋም አቋቁሟል። በፌዴራል በኩል በ1999 የተፋሰስ አዋጅ ወጥቶ የዓባይ ተፋሰስ ባለሥልጣን መቀመጫውን ባሕር ዳር አደረገ። በኋላ የየተፋሰሱ መሥሪያ ቤቶች ታጥፈው የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሆኑ። በ2014 የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ደግሞ ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። በ15 ዓመት ውስጥ አንድ ኃላፊነት ሦስት ቤት ቀየረ።

የውሃ ጉዳይ የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ለ15 ዓመት የተቀመጠ የጣና ዳር ተወካይ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር? ሐይቁን አያድንም፤ አረምም አይነቅልም። ግን በ2001 የተገባ ቃል በ2011 ሲረሳ ወረቀቱን አውጥቶ ያሳያል። የጥቅምት 2013ቱ የአንድ ወር የእምቦጭ ዘመቻ ሲያልቅ በሚቀጥለው ጥር «ቀሪው በጀት የት ገባ?» ይላል፤ ባይመለስለት በሐምሌ ይደግማል፤ ሚኒስትሩ ቢቀየር ለአዲሱ ይደግማል። አረሙ ዘሩን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ለዓመታት ይጠብቃል፤ የሚከታተለው ሰው ግን በየአምስት ዓመቱ አዲስ ነው።

«አይ፣ መቀየሩ ይሻላል» የሚሉት

ይህን የማይቀበሉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ፣ በእኛ አገር ሥልጣን ላይ መቆየት ከአገልግሎት ይልቅ ከመብላት ጋር ሲታሰብ ኖሯል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጽኑ ተቋም በሌለበት ረጅም ዘመን ጥላ ከመሆን ያለፈ ትርጉም አይኖረውም ይላሉ። ለዚህም ኬንያ ትጠቀሳለች። ምዋይ ኪባኪ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2013 ለ50 ዓመት የፓርላማ አባል ነበሩ፤ በመካከሉ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በመጨረሻም ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በእሳቸው ዘመን እ.ኤ.አ. በ2003 ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል የልማት ገንዘብ የሚመድብ ሕግ ወጣ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተሠርቶበታል፣ የዚያኑ ያህል ግን እንደራሴውን ገንዘብ አዳይ አድርጎታል የሚል ወቀሳ አስከትሏል። ሕዝቡ ሕግ አውጪውን በሚያረቀው ሕግ ሳይሆን በሚያመጣው ቆርቆሮ መመዘን ይጀምራል። ጣና ዳርም ቢሆን ይህ ፈተና ሩቅ አይደለም፤ «ምን አመጣልን?» የሚለው ጥያቄ አሁንም ከ«ምን ጠየቀልን?» ይቀድማል።

ታዲያ ገደብ ቢጣልስ? የፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት ተወካይ ከሦስት ተከታታይ ዘመን በላይ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። በተግባር ወንበሩ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወንድም እየተላለፈ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ይዞራል። ሜክሲኮ ለ80 ዓመት ያህል ተከታታይ ዳግም ምርጫን ከልክላ ነበር፤ ውጤቱ አባላቱ የሚቀጥለውን ሥራቸውን ከፓርቲው አለቆች ስለሚጠብቁ መራጩን ችላ እንዲሉ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ክልከላውን አነሣች። ለእኛ የሚቀርበው የሜክሲኮው ተሞክሮ ይመስለኛል፤ እኛ ያለ ምንም ክልከላ እዚያው ደርሰናልና። የሚቀጥለው እርምጃው በመራጩ እጅ ያልሆነ ሰው ፊቱን ወደ መራጩ የሚያዞርበት ምክንያት ትንሽ ነው።

ስለዚህ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት የሚመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም። የዓመቱ ቁጥር ብቻውን ጥሩም ክፉም አይሆንም። ዲንግልን ያስከበረውም፣ ኪባኪን ያስወቀሰውም የዕድሜያቸው ርዝመት ሳይሆን ወንበሩን ለመያዝ ማንን ማስደሰት እንዳለባቸው ነው።

ምን ሊከተል ይችላል?

የአሁኑ አሠራር ከቀጠለ በሚቀጥለው ምክር ቤትም አብዛኛው ፊት አዲስ የሚሆንበት ዕድል ሰፊ ነው። አዲስ አባል የበጀት ሰነድ ማንበብ፣ ኦዲት መመርመር፣ ረቂቅ አዋጅ መተቸት እስኪለምድ አንድ ሁለት ዓመት ይሄድበታል፤ በዚያ ጊዜ አስፈጻሚው ያመጣው ረቂቅ ሳይነካ ያልፋል። ፓርቲዎች፣ ገዥውም ተቃዋሚውም፣ ቢያንስ በቋሚ ኮሚቴ የሠሩ አባሎቻቸውን በእጩነት መልሰው ቢያቀርቡ ሕግ ማሻሻል ሳያስፈልግ ጉዳቱ ይቀንሳል። እጩን በአካባቢው አባላት ድምፅ መምረጥም ሕገ መንግሥቱን የማይነካ፣ የፓርቲዎች የውስጥ ደንብ ጉዳይ ነው። የመምጣቱ ዕድል ጠባብ ይመስለኛል፤ ዝርዝሩን የሚያጸድቀው ሰው ሥልጣኑን በፈቃዱ የሚለቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ተንጠልጥሎ የቀረው የሕዝብ ቆጠራ ነው። በአንቀጽ 103 መሠረት ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ መካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም በውጤቱ መሠረት መከለል አለባቸው። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ባሕር ዳር በ1987ቱ ቆጠራ 96,140 ሰው ነበራት፤ በ1999 የከተማው ነዋሪ 180,174 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ዓባይን ተሻግራ በሁሉም አቅጣጫ ተስፋፍታለች፤ የምክር ቤቱ መቀመጫ ግን ያኔም አሁንም 547 ነው። አዲስ ቆጠራ ተካሂዶ ድንበሮቹ ሲቀየሩ የአንዳንዱ አንጋፋ ተመራጭ ክልል ለሁለት ይከፈላል፣ የሌላው ይዋጣል፤ በዲትሮይት እ.ኤ.አ. በ2002 እንደሆነው።

እስከዚያው መራጩ ቢያንስ ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላል፤ የሚወዳደረው ሰው ቀድሞ ተቀምጦ ከሆነ በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንደሠራ፣ ስለ ጣና ወይም ስለ አካባቢው ለየትኛው ሚኒስቴር ምን ጥያቄ እንዳቀረበ፣ ያገኘው መልስ የት እንዳለ። ምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ጥያቄ ቀርቦ ከሆነ ተጽፏል። አዲሱ ምክር ቤት ሲመሠረት የመጀመሪያ ጉባኤው የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። በዚያ ሰሞን የፎገራ ሜዳ ውሃ መጉደል ይጀምራል፣ ሩዙም ያሸታል፣ በሰሜኑ ዳርቻም ነፋስ የገፋው እምቦጭ ይከማቻል።